ግራውንድ፣ ፎቅ፣ ቆጥ፦ ዲላ ወደ ላይ መቁጠር የጀመረችበት ታሪክ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ሞያሌ የሚወርደው አውራ ጎዳና 360 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ ዲላን መሐል ለመሐል ሰንጥቆ ያልፋል። በጎዳናው ግራና ቀኝ የሚነሣ አዲስ ሕንፃ ሁሉ ገና መሠረቱ ሲቆፈር ስም ይወጣለታል፤ ስሙም የባለቤቱ ሳይሆን የቁመቱ ነው። «ጂ ፕላስ ፎር ነው» ይላል ግንበኛው። «ጂ ፕላስ ፎር» ብሎ ይጽፋል ፈቃድ ሰጪው። «የጂ ፕላስ ፎሩን ግራውንድ ያዙልኝ» ይላል ሱቅ ሊከራይ ቀብድ ይዞ የሚጠብቀው ነጋዴ። እንግሊዝኛ ተምሮ የማያውቅ የቀን ሠራተኛ ሳይቀር «ጂ»ን ከአፉ አይነጥላትም።

«ጂ» ግራውንድ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የመጀመሪያ ፊደል ናት፤ ከምድር ጋር እኩል የሆነውን ወለል ትወክላለች። ከመደመር ምልክቱ ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር ደግሞ በላዩ የሚነባበሩትን ወለሎች ይነግራል። ይህ አጻጻፍ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም፤ በሕንድም በባሕረ ሰላጤው አገሮችም የግንባታ ሰዎች ይሠሩበታል። እኛ ዘንድ ግን ከመሐንዲሱ ጠረጴዛ ወርዶ የገበያ ቋንቋ ሆኗል። ፎቅ የሌለው ቪላ እንኳ በወረቀት ላይ «ጂ ፕላስ ዜሮ» ይባላል፤ ዜሮ መደመር ለቤቱ ምን እንደሚጨምርለት የሚጠይቅ የለም።

ታሪኩ የሚያስገርመው የሆነበት ቦታ፣ ዲላ ያለችበት አገር፣ ጌዴኦ መሆኑ ነው። ጌዴኦ ቤቱን ወደ ላይ የሚሠራ ሕዝብ አልነበረም። ነባሩ ቤት ክብ ነው፤ ቀርከሃና እንጨት ያቆሙታል፣ ሣር ወይም የቀርከሃ ልባስ ያለብሱታል፣ ሰውም ከብትም ከአንድ ጣራ ሥር ያድራሉ። ክፍፍሉ ወደ ጎን ነው፤ የሰው ወገን፣ የከብት ወገን፣ የምድጃው ዙሪያ። ሽማግሌዎች ለፍርድና ለምክር የሚቀመጡበት ሶንጎም ቢሆን ክብሩ በቁመቱ አይለካም። የአማርኛ ተናጋሪው የገጠር ቤትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ከራስ በላይ ያለው ነገር ቆጥ ነው፤ ዕቃ ይሰቀልበታል፣ ዶሮ ይሰፍርበታል፣ ሰው አይኖርበትም። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለው ተረት የተወለደው ላይኛው ቦታ የዕቃ እንጂ የሰው ባልነበረበት ቤት ውስጥ ነው።

ጌዴኦ መደራረብ አያውቅም ማለት ግን አይደለም። የደረደረው ዛፉን ነው።

ከዲላ ወጥቶ ወደ ወናጎና ወደ ይርጋጨፌ የሚጓዝ ሰው በመንገዱ ግራና ቀኝ ጫካ ያየ ይመስለዋል። የሚያየው ግን የሰው ጓሮ ነው። ከሁሉ በላይ ዋንዛ፣ ብርብራና ሌሎች ረጃጅም አገር በቀል ዛፎች ፀሐይዋን ይቀበላሉ። ከእነሱ ሥር እንሰቱ ሰፊ ቅጠሉን ይዘረጋል። ከእንሰቱ ጋር እየተጋፋ፣ ከፊሉም ዝቅ ብሎ ቡናው ይቆማል። መሬት ላይ ደግሞ ጎመኑ፣ ቦሎቄውና ሥራ ሥሩ። ከላይ የሚረግፈው ቅጠል ለታችኛው ማዳበሪያ ይሆናል፤ የላይኛው ጥላ ቡናውን ከሐሩር ይጠብቃል፤ የታችኛው ሥር ቁልቁለቱን አፈር ይይዛል። በአንድ ቁራሽ መሬት ላይ ሦስትና አራት እርሻ አንዱ በሌላው ጫንቃ ላይ ቆሞ ይመረታል። ዩኔስኮ በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ካነሣቸው ነገሮች ዋናው ይኸው ንብርብር አስተራረስ ነው።

እዚህ ላይ እንግሊዝኛው አንድ ደስ የሚል ነገር ያደርጋል። የደን ባለሙያዎች ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ያለውን እርከን «አንደርስቶሪ» ይሉታል፤ እንዲህ ያለውን የተደራረበ እርሻም «መልቲ ስቶሪ» ይሉታል። «ስቶሪ» የሕንፃ ወለል ማለት ነው፤ ደን አጥኚዎቹ ቃሉን የተበደሩት ከግንበኞች ነው። እንግዲህ በእንግሊዝኛው አቆጣጠር ከሄድን ጌዴኦ ውስጥ የመጀመሪያው ባለ ብዙ ፎቅ ነገር በዲላ አውራ ጎዳና ላይ ከቆመው ሕንፃ እጅግ ቀድሞ በየገበሬው ጓሮ በቅሏል ማለት ነው።

ለዚህ መደራረብ ምክንያቱ ውበት ብቻ አይደለም፤ ቦታ የለም። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ዞኑ 847 ሺህ ያህል ሰው ነበረው፤ በካሬ ኪሎ ሜትር ሲመታ 700 ገደማ ይመጣል። ገጠር ሆኖ እንዲህ የተጨናነቀ አካባቢ በኢትዮጵያ ጥቂት ነው። መሬት ሲጠብ ገበሬው ወደ ላይ ተከለ፤ ከተሜው ዘግይቶ ወደ ላይ ገነባ።

ፎቅ በድንጋይ ላይ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። አክሱም ውስጥ ወድቆ የተሰበረው ታላቁ ሐውልት 33 ሜትር ያህል ነው፤ በላዩም 13 ፎቅ ያለው ሕንፃ ተቀርጾበታል፤ መስኮቱ፣ በሩ፣ በግድግዳው ውስጥ ያለፈው ግንድ ጫፍ ሳይቀር። የአክሱም ጠራቢ ፎቅ ያስባል። ጌዴኦ ውስጥ ባሉት የቱቱ ፈላና የጨልባ ቱቱቲ ትክል ድንጋዮች ላይ ግን አንድም ወለል አልተቀረጸም። የቱቱ ፈላዎቹ ብዙዎቹ በመቃብር ጉብታ ላይ የቆሙ ሰዎች ናቸው፤ ፊትና አካል አላቸው። የጨልባዎቹ ብዙዎቹ የወንድ ብልት ቅርጽ አላቸው። ፈረንሳዊው አባ አዛይስ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. የደቡቡን ትክል ድንጋዮች ለውጭው ዓለም ካስተዋወቀ ወዲህ ብዙ አጥኚዎች ተመላልሰውባቸዋል፤ በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናትም ሳካሮ ሶዶ የሚባለውን የጌዴኦ ሥፍራ ዕድሜ ወደ መጀመሪያው ክፍለ ዘመን መልሶታል። ሁለቱም አገር ድንጋይ ወደ ሰማይ አቁሟል። አንዱ ቤት ቀረጸበት፣ ሌላው ሰው።

አማርኛ ራሱ ፎቅን ከመተዋወቁ በፊት ደርብ የሚል ቃል ነበረው። በላስታ ከድንጋይ የተሠሩ ክብ ባለ ደርብ ቤቶች ዛሬም ይታያሉ። አፄ ፋሲል በ1636 እ.ኤ.አ. የቆረቆሩት ጎንደር ቤተ መንግሥቱን በደርብ ላይ ደርብ አድርጎ አቆመ። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የኖኅን መርከብ ሦስት ወለሎች ሲዘረዝር የሚጠቀመው ደርብ በሚለው ቃል ነው። ሰገነትም አለ። ከነዚህ አንዳቸውም በገበያ አልበረቱም። ዛሬ በዲላ መንገድ ላይ «ደርብ ላይ ነው የምኖረው» የሚል ሰው ቢገኝ ካህን ወይም ቀልደኛ ነው።

ያሸነፈው ፎቅ ነው፤ የመጣውም ከዐረብኛ ነው። በዐረብኛው ትርጉሙ «በላይ» ነው። ይህን ማስታወስ ለኋላው ሙግት ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ፎቅ ገና ከሥሩ ምድሩን አያካትትም። ምድር ላይ ያለ ክፍል በምንም ሒሳብ «በላይ» ሊሆን አይችልም። በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ላይ ሕንዶች፣ አርመኖችና ዐረቦች ከአገሬው ግንበኛ ጋር ሆነው የሠሯቸው ቤቶች ቃሉን አስለመዱ። በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ያለው እንቁላል ቤት፣ ከዚያም የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ለብዙ የአዲስ አበባ ሰው ደረጃ ወጥቶ ቁልቁል ማየት ምን እንደሆነ ያሳዩ ሕንፃዎች ናቸው። አማርኛው ከነቃሉ ወደ ጌዴኦ የወረደው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በምኒልክ ጦርና በሹሞቹ እግር ነው። አካባቢው ያኔ በአስተዳደር ወረቀት ላይ ደራሳ ይባል ነበር፤ ኋላም በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት የደራሳ አውራጃ ሆኖ ቆየ። ጌዴኡፋ የሚናገረው ገበሬ ቡናውን ይዞ ዲላ ገበያ ሲወጣ ፎቅ የሚለውን ቃል የሰማው ፎቁን ከማየቱ በፊት ሳይሆን አይቀርም።

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ገብቶ በ1933 ሲወጣ የተወው ቃል ሌላ ዓይነት ነው። ዛሬ ማንኛውም የዲላ የግንባታ ሥፍራ ላይ ጆሮውን ጥሎ የሚያዳምጥ ሰው ጣሊያንኛ ይሰማል። አርማታ ጣሊያንኛ ነው። ፌሮ፣ ፌሮውን የሚያጥፈው ፌራዮ፣ ጣውላው፣ ሞራሌው፣ ቡሎኑ፣ ሶሌታው፣ ሠራተኛውን የሚያዘው ካቦ ሁሉም ከዚያው ወገን ናቸው። የሕንፃው አጥንትና ሥጋ ጣሊያንኛ ይናገራል። ቁመቱ ግን አይናገርም። ጣሊያኖች ወለልን «ፒያኖ» ይሉታል፤ ቃሉ ለኢትዮጵያ ግንበኛ አልተላለፈም። እኛ ዘንድ ፒያኖ የሙዚቃ መሣሪያ ብቻ ሆኖ ቀረ።

ለምን ቀረ? ምክንያቱን ማን ምን እንደሚያደርግ ማየት ይነግረናል። የጣሊያንኛ ቃል የመጣው በእጅ ሥራ በኩል ነው፤ አብሮ እየቆፈረ፣ እያቦካ፣ እየመታ የተማረው ሠራተኛ ለሚጨብጠው ነገር ሁሉ ስም ወሰደ። ወለል ግን አይጨበጥም፤ ይቆጠራል። የሚቆጥረው ደግሞ ወረቀት የያዘው ሰው ነው። ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ወረቀቱ እንግሊዝኛ ሆነ። የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት በእንግሊዝኛ ተሰጠ። በ1954 እ.ኤ.አ. በስዊድን መንግሥት ድጋፍ የተከፈተውና ሕዝቡ «ሕንፃ ኮሌጅ» እያለ የለመደው የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ተቋም የግንባታ ባለሙያ አስመረቀ፤ ያስተማረውም በእንግሊዝኛ ነው። ከዚህ ትውልድ ጀምሮ ንድፉ ላይ የሚጻፈው ግራውንድ ፍሎር፣ ፈርስት ፍሎር፣ ቤዝመንት፣ ሩፍ ነው። በዲላም በ1996 እ.ኤ.አ. የመምህራን ትምህርትና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረው ተቋም በ2006 ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ በየግቢው የተነሡት የመማሪያና የማደሪያ ሕንፃዎች እነዚህን ቃላት ለሺዎች ተማሪዎች የዕለት ቋንቋ አድርገዋቸዋል።

ስለዚህ በአንድ የዲላ ሕንፃ ላይ አራት ቋንቋ ይሠራል። መሐንዲሱ «የሰከንድ ፍሎሩ ስላብ» ይላል፤ ካቦው «ሁለተኛው ሶሌታ» ብሎ ይተረጉማል፤ ባለቤቱ «ሁለተኛው ፎቅ መች ያልቃል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ማታ ቤቱ ገብቶ ለእናቱ የሚነግራቸው በጌዴኡፋ ነው። ሥራው አይቆምም። የሚያስደንቀውም ይኸው ነው።

እንግሊዝኛው ራሱ ግን እንዳሰብነው አንድ አይደለም። እንግሊዞች ከምድር ጋር እኩል የሆነውን ግራውንድ ፍሎር ብለው ከዚያ በላይ ያለውን ፈርስት ፍሎር ይላሉ። አሜሪካኖች ፈርስት ፍሎር የሚሉት ራሱን የምድሩን ነው። በለንደን አንደኛ ፎቅ ላይ ያለ ሰው በዋሽንግተን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው ማለት ነው። አማርኛ ከእንግሊዞቹ ጋር ገጠመ፤ ግን ከእነሱ ተምሮ አይደለም። ፎቅ «በላይ» ስለሆነ አንደኛ ፎቅ ከመነሻውም ደረጃ ተወጥቶ የሚደረስበት ነው።

ችግሩ የሚመጣው «ስቶሪ» ሲገባ ነው። ቃሉ የመጣው ታሪክ ከሚለው የላቲን ቃል እንደሆነ ይገመታል፤ በመካከለኛው ዘመን ሕንፃዎች ፊት ላይ በየረድፉ ይሣሉ ወይም ይቀረጹ ከነበሩ ታሪኮች ወለሉ ራሱ ስሙን ወሰደ ይባላል። እንግሊዞች «ስቶሪ»ን ሲቆጥሩ ምድሩንም ይጨምራሉ። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ባለ ሁለት ስቶሪ የሚባለው ቤት በአማርኛ ባለ አንድ ፎቅ ነው፤ በዲላ አነጋገር ጂ ፕላስ ዋን። ቃል በቃል የሚተረጉም ሰው አንድ ሙሉ ወለል ይጨምራል ወይም ይሰርቃል።

ይህ የቋንቋ ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ሕግም ውስጥ ገብቷል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ ለእያንዳንዱ የተለየ የባለሙያና የፈቃድ ግዴታ አስቀመጠ። ለምድቡ መለያ ከሆኑት ነገሮች አንዱ የወለል ብዛት ነበር፤ በእንግሊዝኛው በኩል ያለው አቆጣጠርም በስቶሪ ነበር። አስተዋይ የሆነው ክፍል ሦስተኛው ምድብ ላይ የተጻፈው ነው፤ ከመሬት ከ12 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ሕንፃን ሁሉ እዚያ አስገባ። ሜትር በአማርኛም በእንግሊዝኛም ሜትር ነው፤ አይከራከርም።

«ታዲያ ምድር ቤት የሚል ቃል እያለን ግራውንድ ምን ያደርግልናል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ለምድር ቤት አያደላም። ምድር ቤት በአንዱ አፍ ከመንገዱ እኩል የሆነው ክፍል ነው፤ በሌላው አፍ ከመሬት በታች የተቆፈረው ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ሁለቱም አማርኛ ናቸው። ነጋዴ ግን ለሱቅ የተከራየው ቦታ መስታወት ያለው ይሁን መጋዘን የሚሆን ጉድጓድ በቃል ግምት አይተወውም። ግራውንድ ያሸነፈው ከውጭ ስለመጣ ወይም ዘመናዊ ስለመሰለ ብቻ አይደለም፤ አንድ ነገር ብቻ ስለሚል ነው። ቤዝመንት ደግሞ ሌላውን ብቻ ይላል።

ዲላ ላይ ይህም አይበቃም። ከተማዋ 1,570 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከስምጥ ሸለቆው ወደ ምሥራቁ ደጋ በሚወጣው ተዳፋት ግርጌ የተቀመጠች ናት። በተዳፋት ላይ የሚቆም ሕንፃ ሁለት ምድር አለው። ከላይኛው መንገድ የሚገባ ሰው ግራውንድ ላይ ነኝ ሲል፣ ከታችኛው መንገድ የገባው ከሥሩ ሌላ ግራውንድ ላይ ቆሟል። መሐንዲሶች ለዚህ ሰሚ ቤዝመንት የሚል መውጫ አላቸው፤ በአንድ ጎኑ የተቀበረ፣ በሌላው ጎኑ በርና መስኮት ያለው ወለል። ተከራይም አከራይም ስሙን በየጥቅማቸው ይተረጉሙታል። ሊያከራየው የፈለገ ግራውንድ ይለዋል፤ ዋጋ ሊያስቀንስ የመጣ ቤዝመንት ይለዋል።

ዋጋው ራሱ ስለ አገሩ ይናገራል። በብዙ የውጭ ከተሞች ውዱ ወለል ከላይ ያለው ነው፤ የሕንፃው አናት ላይ ያለውን ቤት ፔንት ሃውስ ይሉታል፣ የአዲስ አበባ የሪል ስቴት ማስታወቂያም ስሙን ተቀብሏል። ቃሉ ሲወለድ ግን ቅንጦት አልነበረም፤ ከትልቅ ቤት ግድግዳ ጋር ተለጥፎ የሚሠራ፣ ጣራው በአንድ ጎን ያዘነበለ ዳስ ነበር፤ እኛ ከጓሮ ሰርቪስ ቤት እንደምንለው ያለ። በኢትዮጵያ ከተሞች ግን ውዱ ግራውንድ ነው። ባንኩ፣ ፋርማሲው፣ ካፌው እዚያ ይቀመጣል። ሊፍት በሌለበት፣ ወይም ኖሮ መብራት ሲጠፋ በሚቆምበት፣ ውኃውም ኃይል አጥቶ ላይኛው ወለል በማይደርስበት ሕንፃ ላይ ከፍ ማለት ኪራይ ያረክሳል።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች መርሐ ግብር ይህንኑ በአሠራር አጸናው። ብዙዎቹ ብሎኮች ጂ ፕላስ ፎር ሆነው ሊፍት አልነበራቸውም። ለአካል ጉዳተኛ ዕድለኞች ግራውንዱ እንዲደርሳቸው ተደረገ፤ የንግድ ቤት የሆኑት የግራውንድ ክፍሎች ደግሞ በዕጣ ሳይሆን በጨረታ ተሸጡ። መርሐ ግብሩ ወደ ክልል ከተሞችም ወጣ፤ ከእሱም ጋር ኮንዶሚኒየም የሚለው ቃልና «ስንተኛ ፎቅ ደረሰህ?» የሚለው ጥያቄ ወጡ። ከዚያ በፊት ቤት ያገኘ ሰው የሚጠየቀው «የት ሠፈር?» ተብሎ ነበር።

ቆጠራው አናት ላይም ይጣላል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ያስመረቀው የዋና መሥሪያ ቤት ሕንፃ 209 ሜትር ይረዝማል። በአንዳንዱ ዘገባ ባለ 53 ፎቅ ነው፤ በሌላው 49። ሕንፃው አላጠረም። ልዩነቱ የመጣው ከመሬት በታች ያሉትን ወለሎች ከመቁጠርና ካለመቁጠር ነው። ፎቅን «በላይ» ብሎ ለሚያምን ሰው ከምድር በታች ያለ ፎቅ የለም፤ የመኪና ማቆሚያውን ፎቅ ብሎ መቁጠር ኩራት እንጂ ሒሳብ አይደለም።

ከውጭ አገር ገንዘብ እየላከ ቤት የሚያሠራ ዘመድ ያለው ቤተሰብ ደግሞ ሌላ ግራ መጋባት ያውቃል። አሜሪካ የሚኖረው ወንድም «ሰከንድ ፍሎሩ ይጨረስ» ብሎ በስልክ ሲያዝ እዚያ በለመደው አቆጣጠር ከምድር በላይ ያለውን የመጀመሪያ ፎቅ ማለቱ ሊሆን ይችላል። ዲላ ያለው እህቱ ወይም ተቋራጩ ግን በእንግሊዞቹና በአማርኛው አቆጣጠር የሚቀጥለውን ይሰማል። ብዙ ሲሚንቶና ፌሮ በአንድ ቃል ላይ ይንጠለጠላል። ጂ ፕላስ የሚለው አጻጻፍ ለዚህ ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ምድሩን ለብቻው አውጥቶ የቀረውን ስለሚቆጥር ለንደንም ዋሽንግተንም ከዲላ ጋር ይስማማሉ።

ያም ሆኖ ሁሉም ነገር ደኅና ነው ማለት አይቻልም። በየሕንፃው መግቢያ የሚለጠፈው ማውጫ «ሰከንድ ፍሎር፣ ሩም 204» ብቻ ብሎ በእንግሊዝኛ ሲቆም፣ ጉዳይ ለማስፈጸም ከቡሌ ወይም ከኮቸሬ ወረዳ የወረዱ እናት አንድ የሚያነብላቸው ሰው እስኪመጣ በረንዳው ላይ ይቆማሉ። ዲላ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት የክልሉ ቢሮዎች ከተከፋፈሉባቸው ስድስት ከተሞች አንዷ ሆናለች፤ ባለጉዳዩ በዝቷል፣ ደረጃውም በዝቷል። የውሰት ቃል መጠቀም ነውር የለውም፤ ፎቅም አርማታም ውሰት ናቸው። ነውሩ ቃሉን በሰው ፊት አለማብራራት ነው።

ስለዚህ ዲላ ላይ ሱቅ ወይም ቢሮ ልትከራዩ፣ ወይም ለዘመዳችሁ ልታሠሩ ያሰባችሁ ሁሉ፣ ውላችሁ ላይ «አንደኛ ፎቅ» ወይም «ምድር ቤት» ብላችሁ ብቻ አትፈርሙ። የሕንፃውን ጂ ፕላስ ስንት መሆን ጻፉ፤ የእናንተን ወለል ከግራውንዱ ጀምራችሁ ቁጠሩ፤ ተዳፋት ላይ ከሆነም ግራውንዱ የተቆጠረው ከየትኛው መንገድ እንደሆነ በስሙ ጥቀሱ። ማዘጋጃ ቤቱና ቢሮዎቹም የወለል ሰሌዳቸውን በአማርኛና በጌዴኡፋ ጭምር ይጻፉት።